አባታችንን ቤት ውስጥ ያስታመመልን የነርስ አገልግሎት፦ ምኑ ለገንዘቡ ይገባዋል፣ ምኑ አይገባውም

የታመመ ወላጅ ቤት ያላችሁ፣ በተለይ ሐኪም "እንግዲህ ወደ ቤት ውሰዷቸው" ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ነርስ ቤት ድረስ የሚልኩ ድርጅቶች አሁን በዝተዋል። ማስታወቂያቸው በየቴሌግራሙ አለ። እኛም አንዱን ይዘን አባባን እስከ መጨረሻው ቤታቸው አስታመምን። የድርጅቱን ስም አልጽፍም። የማመሰግንበት ነገር ብዙ ቢሆንም ቅሬታዬም ቀላል አይደለም፤ ደግሞ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚመዘነው በድርጅቱ ስም ሳይሆን በራችሁን አንኳኩቶ በሚገባው ሰው ነው። የትኛውንም ብትይዙ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ለነርሶቹ ሥራ ከአምስት አራት፣ ለቢሮው ከአምስት ሁለት እሰጣለሁ። ግን ውሉ ላይ ያልተጻፈ፣ ሒሳብም ያልተጠየቀበት አንድ ነገር አድርገውልናል። አባባን በሕይወት እያሉ እንድንሰናበታቸው ረድተውናል።

እኛ አገር ሰው ከሞተ በኋላ መሸኘት እናውቅበታለን። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራ ይጋግራል፣ ዘመድ ከየአገሩ ተጠራርቶ ይመጣል፣ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ይወጣል። ይህን የሚያህል ነገር ያለው ሕዝብ ብዙ አይመስለኝም፣ በእሱም እኮራለሁ። ከመሞቱ በፊት ግን እንዋሻለን። "ቀላል ነው፣ ይሻልሃል፣ ለፋሲካ አብረን ነው" እንላለን። ሐኪሙ ውጤቱን ኮሪደር ላይ ለልጆች ይናገራል፣ ልጆች ዓይናቸውን ጠርገው ፈገግ ብለው ይገባሉ፣ ታማሚው ደግሞ ከፊታችን ላይ ሁሉን አንብቦ እኛን ላለማስጨነቅ ዝም ይላል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የመሰናበቻው ጊዜ በዚህ ያልቃል።

አባባ የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ነድተው ነው ጡረታ የወጡት። ሕመማቸው የፕሮስቴት ካንሰር ነበር፣ ሲደረስበት አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ይህን እኛ ልጆች እናውቃለን። አክስታችን "ለእሱ አንድ ቃል እንዳትተነፍሱ" ብላ አስምላናለች።

ድርጅቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ሲስተር ልኮ ታማሚውን ያያል። ይህ የመጀመሪያ ጉብኝት የተለየ ሒሳብ አለው፣ እኔ ግን ከከፈልነው ሁሉ የበለጠ የጠቀመን እሱ ነው እላለሁ። ሲስተሯ ገብታ ሰላም አለችንና ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፋይሉን አልጠየቀችም። እኛንም አላየችንም። "አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ያውቃሉ? ምን ያህልስ ማወቅ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጆችዎ?" አለቻቸው። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ደነገጥን። አባባ ግን ቀና ብለው፣ "ልጄ፣ ፍሬን ሲደክም ከተሳፋሪው ቀድሞ የሚያውቀው ሹፌሩ ነው። ንገሪኝ" አሏት።

ነገረቻቸው። ቀስ ብላ፣ በቀላል አማርኛ፣ በየመሀሉ እየቆመች። አንድ ነገር ትልና "ልቀጥል?" ትላለች። የሚያማቸው ምን እንደሆነ፣ እንደማይድን፣ ሕመሙን ግን ማስታገስ እንደሚቻል። አክስታችን ተቆጥታ ወጣች፣ "ተስፋ አስቆረጠችው" ብላ ሁለት ቀን አላናገረችንም። አባባ ግን ያን ዕለት ማታ ጠርተው የጠየቁን ስለ ሞት አልነበረም። የእድር መዋጮ እስከ ስንት ወር እንደተከፈለ፣ ለጎረቤት ያበደሩት ገንዘብ መመለሱን፣ የቤቱ ካርታ የት እንደተቀመጠ ጠየቁን። ለካ በሆዳቸው ይዘውት የከረሙት ይህን ሁሉ ነው።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። አጥንት ውስጥ የገባ የካንሰር ሕመም በፓራሲታሞል የሚመለስ አይደለም። ትራማዶልም አልበቃቸውም። ሐኪማቸው የሚጠጣ ሞርፊን ሲያዝ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። "ሱስ ያስይዛል" ያለ አለ፣ "ሞርፊን ከጀመሩ አለቀ ማለት ነው" ያለም አለ። ድርጅቱ የመደበልን ነርስ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። በሰዓቱ፣ በየአራት ሰዓቱ፣ በሐኪሙ መጠን ከተሰጠ ሕመሙን ይይዛል እንጂ ሞትን አያፋጥንም። ሕመሙ እስኪመጣ መጠበቅ ደግሞ ትልቁ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም አንዴ ከተነሳ ለማስታገስ ይከብዳል። ሆድ ስለሚያደርቅ ገና ከመጀመሪያው ማለስለሻ አብሮ መሰጠት አለበት፤ ብዙ ቤት ይህ እየተረሳ ታማሚው በሌላ ስቃይ ይሠቃያል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሞርፊን የሚታዘዘው በልዩ ማዘዣ ወረቀት ነው፣ ሁሉም ፋርማሲም አይዘውም። ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል መሮጥ አይሆንም፣ በተለይ ዓርብ ከሆነ። ይህን የነገረን ነርሱ ነው፤ በየሐሙሱ የቀረውን መድኃኒት ይለካልን ነበር።

ነርሱ ወንድ እንዲሆን የጠየቅነው እኛ ነን። እናንተም ጠይቁ። አባባ እኔ ሴት ልጃቸው ገላቸውን እንዳጥባቸው ከሚፈቅዱ ቢሞቱ ይመርጡ ነበር። ይህ ክብር ነው፣ ግትርነት አይደለም። ቢሮው መጀመሪያ "ያለችን ሴት ናት" ብሎን ነበር፣ እንቢ ስንል ግን ተገኘ። ልጁ ወጣት ነው፣ ሲሠራ ግን የረጅም ዘመን ሰው ይመስላል። በየሁለት ሰዓቱ ሲያገላብጣቸው አይቼዋለሁ። አንሶላውን በሁለቱም ጎን ወደ ውስጥ ይጠቀልላል፣ አንደኛውን ጫፍ ለእኔ ይሰጠኛል፣ "አባባ፣ አሁን ወደ ግድግዳው ልናዞርዎት ነው" ይላል፣ ከዚያ በሦስት ቆጥረን በአንሶላው እንስባለን እንጂ በክንዳቸው አንጎትታቸውም። በጉልበቶቻቸው መሀል ትራስ፣ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ሌላ ትንሽ ትራስ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ። ከዚያ ጀርባቸውን በእጁ ዳበስ ዳበስ አድርጎ የቀላ ቦታ ካለ ያያል። አባባ እስከ መጨረሻው የአልጋ ቁስል አልያዛቸውም። አልጋ ላይ ለከረመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የአየር ፍራሹ ግን አሳዝኖናል። ከድርጅቱ ነው የተከራየነው። በፓምፕ አየር እየተሞላ የሰውነትን ጫና የሚቀያይር ጥሩ ዕቃ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ፓምፑ ይቆምና ፍራሹ ቀስ በቀስ ይተነፍሳል፣ ታማሚው ከሥር ካለው ጣውላ ጋር ይገናኛል። አንድ ሌሊት አባባ እያቃሰቱ ነው የደረስንባቸው። በአዲስ አበባ መብራት ይህን ቀድሞ አለመንገር ትልቅ ጥፋት ነው። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ አድርጉ፣ ፍራሹ አለ ብላችሁም ማገላበጡን እንዳትተዉ።

አሁን ስለ ምግብ። በየቤቱ ትልቁ ጦርነት ይህ ይመስለኛል። እማዬ ቀኑን ሙሉ አጥሚት ትሠራለች፣ ሾርባ ትሠራለች፣ ማንኪያውን ይዛ "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ትላለች፣ አባባ እሷን ለማስደሰት ይጎነጩና ያስላቸዋል፣ አንዳንዴም ያስመልሳቸዋል። እኛም ከጎን ሆነን እንለምናለን። ባለመብላታቸው የተዳከሙ ይመስለን ነበር። ሲስተሯ ለክትትል በመጣች ቀን ይህን አይታ እማዬን ወደ ጓዳ ይዛት ገባች። "እናቴ፣ ረሀብ አይደለም የያዛቸው። ሰውነታቸው ምግቡን መቀበል አቅቶታል፣ ስታስገድጃቸው ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችላል" አለቻት። እማዬ አለቀሰች። ስታበላው የኖረችውን ሰው አታብዪ ማለት እጅሽን አጣጥፈሽ ሲሞት እዪ ማለት ነው። ሲስተሯ ግን እንዲሁ አልተወቻትም። ንጹሕ የፋሻ ጨርቅ በውኃ አርሳ ከንፈራቸውንና ምላሳቸውን እንዴት እንደምታረጥብ፣ ቫዝሊን እንዴት እንደምትቀባ፣ እግራቸውን እንዴት እንደምታሽ አሳየቻት። ከዚያ ቀን በኋላ እማዬ ከአባባ እግር ሥር አልተነሳችም። ጸበሉንም አልከለከሉንም፤ "ለመጠጣት ትንሽ ትንሽ በማንኪያ፣ ቀና አድርጋችሁ፤ ቀሪውን ርጩባቸው" ብለው በሰላም ጨረሱት። የንስሐ አባታችን ሲመጡ ነርሱ ራሱ ሰዓት አመቻችቶ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቶ፣ ሕመሙ ጋብ ባለበት ሰዓት አነጋግረዋቸዋል።

ከሁሉም የማልረሳው የሲስተሯ አንድ ቃል ነው። "ውጭ አገር ያለ ልጅ አለ?" አለችን። ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው ያለው። እሱ ፈቃዱን ቆጥቦ "ሲብስ ትነግሩኛላችሁ" ብሎ ይጠብቃል፣ እኛም "እስኪ ይቆይ" እንላለን። "ሲብስ ቢመጣ የሚደርሰው ለቀብር ነው። የሚመጣ ካለ አሁን ይምጣ፣ አባባ ሲያወሩ" አለች። ደወልንለት። መጣ። ውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ብታምኑኝ ደስ ይለኛል፦ ለለቅሶ ከምታወጡት የአውሮፕላን ገንዘብ ለመሰናበት የምታወጡት ይሻላል። እዚህ ያለነውም "እንዳይደነግጥ" ብለን መደበቃችንን እንተው።

በእነዚያ ሳምንታት አባታችንን እንደ አዲስ አወቅናቸው። ልጆች እያለን አባባ ኃይለኛ ነበሩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደጅ የቆየ ልጅ ወዮለት። ሌሎች አባቶች እንደዚያ አልነበሩም፣ እኛም ቂም ይዘን ነው ያደግነው። አንድ ሌሊት ነርሱ እንቅልፍ ሲያጡ ስለ ሥራቸው ይጠይቃቸዋል፣ እኔ ደግሞ በሩ ጋ ቡና ይዤ ቆሜ እሰማለሁ። በቀይ ሽብር ጊዜ ገና ሳይነጋ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ሲያወጡ መንገድ ዳር ስላዩት አስከሬን ነገሩት። አንዱ ወረቀት የተለጠፈበት፣ የጎረቤታቸውን ልጅ የሚያህል ልጅ እንደነበር፣ አውቶቡሱን አቁመው መውረድ እንኳ እንዳልቻሉ። "ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲመሽበት አይሆንልኝም" አሉት። ለእኛ አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም። ለባዳ ሰው ግን በሌሊት ወጣላቸው። ቡናውን ይዤ ገባሁና "አባባ፣ ለምን አልነገሩንም?" አልኳቸው። "ልጅ ይተኛ እንጂ፣ ይህን ሰምቶ ምን ሊሆን?" አሉኝ።

ወንድሜ ከመጣ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሁላችንንም ሰበሰቡን። እንደ ወጉ ይቅርታ ተባባልን። እኛ "ይቅር ይበሉን" አልን፣ "እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ" አሉን። ከዚያ ታላቅ እህቴን ጠርተው፣ አያቴን እንድታስታምም ብለው ከስምንተኛ ክፍል ስላስቋረጧት ይቅርታ ጠየቋት። እህቴ አሁን አያት ናት። ያንን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው እንደኖረች ያን ቀን ነው ያየሁት። ድንገት ቢያርፉ ኖሮ እህቴ ድንኳን ውስጥ ደረቷን እየመታች ታለቅስላቸው ነበር፣ ይህን ግን አታገኘውም ነበር። መረቁን፣ አንድ በአንድ፣ በስማችን።

ኑዛዜውም በዚያው ሰሞን ተጻፈ። ነርሱ "አእምሯቸው ብሩህ የሚሆነው ጠዋት ነው፣ ጉዳይ ካላችሁ ጠዋት ጨርሱ" ብሎን ነበር። ካላወቃችሁ ልንገራችሁ፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክር ይጠይቃል፣ ጽሑፉም በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነብቦ ወዲያው መፈረም አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ወራሾችን ምስክር አታድርጉ። "አባቴ በቃሉ ነግሮኛል" የሚለው ነገር ቤት አያወርስም፤ የቃል ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ፣ ለሕፃናት ልጆች ሞግዚትነትም ካልሆነ አያገለግልም። ስንት ወንድማማች በዚህ ፍርድ ቤት ሲመላለስ አይተናል።

የመጨረሻው ሊቃረብ ሲል ነርሱ የሚመጣውን አስቀድሞ ነገረን። እጅና እግራቸው እንደሚቀዘቅዝ፣ ቆዳቸው እንደሚዥጎረጎር፣ ትንፋሻቸው ቆም እያለ እንደሚቀጥል፣ ጉሮሯቸው እንደሚያንኳርር፣ ያ ድምፅ እኛን ቢያስጨንቅም እሳቸውን እንደማያሠቃይ። "ይሰማሉ ብላችሁ አውሯቸው" አለን። ስለነገረን አልተደናገጥንም፣ በሌሊት አምቡላንስ ጠርተንም አላንገላታናቸውም። ባረፉ ጊዜ ሰዓቱን አይቶ መዘገበ፣ የሽንት ቱቦውን አወጣ፣ አንሶላውን አስተካከለ። እህቴ ልትጮህ ስትል እጇን ያዝ አድርጎ፣ "እድሩም ጎረቤቱም ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ አታገኟቸውም። መጀመሪያ እናንተ ስማችኋቸው ተሰናበቱ" አለ። ተሰናበትን፣ እማዬ ረጅም ሰዓት አወራቻቸው። ጎረቤት የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። የሚገንዙት እስኪመጡ ልጁ አልሄደም፣ ሰዓቱ ግን ቀድሞ አልቆ ነበር።

አሁን ቅሬታዬን። ክፍያው የወር ሆኖ በቅድሚያ ነው፣ የትራንስፖርት ለብቻ ይጠየቃል። አባባ ወሩ ሳይጋመስ አረፉ፣ የቀረውን ገንዘብ ስንጠይቅ "ተመላሽ የለውም" አሉን። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይከራከርም ብለው ይመስለኛል። ይህ ነውር ነው፣ ለእነሱም በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። የሌሊት ስልካቸው ማስታወቂያው ላይ 24 ሰዓት ይላል፣ ሌሊት የሚያነሳው ግን አልነበረም። የእኛ ነርስ ዕረፍት በወጣ ቁጥር የሚላከው ተተኪ ምንም ሳይነገረው ይመጣል፣ የመድኃኒቱን ሰዓት እኛ ነን የምናስረዳው። አንደኛዋ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን ሰክታ ዋለች፣ አሰናበትናት። የሞት ምዝገባ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ሄዶ መመዝገብ እንዳለበት ማንም አልነገረንም፣ ከጎረቤት ነው የሰማነው። ቤት ውስጥ የሚሞቱ ሰዎችን እያስታመመ የሚኖር ድርጅት አንዲት ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት አያቅተውም።

ዋጋውም ለሁሉም የሚቀመስ አይደለም። እኛ ተካፍለን ነው የቻልነው፣ ትልቁን የያዘው ውጭ ያለው ወንድሜ ነው። አቅም ለሌለው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲረዳ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ። ቀን ሙሉ ነርስ መያዝ ባትችሉም፣ ለመጀመሪያው ጉብኝት ብቻ ከፍላችሁ ልምድ ያላት ሲስተር አስመጡ። ማገላበጡን፣ አፍ ማርጠቡን፣ መድኃኒት መስጠቱን እናንተ ትማራላችሁ።

ስትዋዋሉ ደግሞ ስለ ተመላሽ ገንዘብ በጽሑፍ አስገቡ። ተተኪው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። የሌሊቱን ስልክ ከመፈረማችሁ በፊት በሌሊት ደውላችሁ ሞክሩት። ነርሱ ሞርፊን ለሚወስድ ሰው ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ለታማሚው እውነቱን በመንገር በኩል ልምዳቸው ምን እንደሆነም ጠይቁ፤ "ለቤተሰብ ብቻ ነው የምንናገረው" ካሏችሁ ሌላ ፈልጉ።

እማዬ ከአሁኑ ቃሏን ሰጥታናለች። ነርሷ ሴት ትሁን፣ ውጤት ካለ መጀመሪያ ለእኔ ይነገረኝ፣ አልበላም ካልኩ አታስገድዱኝ፣ ልጄ ከአሜሪካ ሳልደክም ይምጣ ብላለች። ጽፈን አስፈርመናታል። ለእሷም እነዚያኑ ነርሶች እንጠራለን፤ ክፍያውን ግን በየሳምንቱ ካልሆነ አንዋዋልም።